ለእንግዳ የተከፈተ፣ ለልጅ የተዘጋ!

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ስትገቡ ልጅ ያለውን ባልደረባችሁን ሁሉ «ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን የት ወሰዳችኋቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከሦስት አይዘልም። አንዱ «ኬክ ቤት» ይላል። ሁለተኛው «ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው መጫወቻ፣ በሰዓት የሚያስከፍለው» ይላል። ሦስተኛው ትከሻውን ሰብቆ «የት ይወሰዳል ብለህ ነው? ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው ዋሉ» ይላል። ይኼን የምንለው እንግዲህ እኛ ነን። የድንቅነሽ አገር ሰዎች፣ የዓድዋ ልጆች፣ «የሰው ዘር መገኛ» እያልን አየር ማረፊያ ላይ የምንለጥፍ ሰዎች! «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ማለት ይኼ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?

ነገሩ የወላጅ ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እሱም የለም አይባልም። ግን ስንፍና ብቻ አይደለም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ልጅ አገሩን የሚያውቀው በባንዲራ ቀን መዝሙር አይደለም፤ በቴሌቪዥን ዶክመንተሪም አይደለም። እጁን ይዞ የሚወስደው ሰው ሲኖር፣ በእግሩ ሲሄድ፣ በዓይኑ ሲያይ፣ «ይኼ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅና የሚመልስለት ሲያገኝ ነው። እኛ ዘንድ ግን ቅርስ የሚወለወለው፣ መንገድ የሚጠረገው፣ መብራት የሚበራው እንግዳ ይመጣል ሲባል ነው። ልጅ ተራው መጨረሻ ነው። እንዲያውም ተራም ያለው አይመስለኝም።

ማስረጃ አምጣ ለሚሉኝ እነሆ።

አጥንቷ ፕራግ፣ ቅጂዋ እኛ ጋ

በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ሐዳር በሚባል ቦታ፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረቦቹ ከአሸዋና ከጠጠር መሐል አጥንቷን የለቀሟት ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ፈረንጆቹ ሉሲ አሏት። ከአካሏ 40 በመቶ የሚሆነው አጥንት ተገኝቷል። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ማለትም የአንደኛ ክፍል ተማሪ ታክላለች። ይኼን ለልጅ ለማስረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከመስተዋቱ አጠገብ አቁማችሁ «እስቲ ተለካኪ፣ ማናችሁ ትረዝማላችሁ?» ማለት ብቻ ነው። ልጅቷ ይኼን ቀን አትረሳውም።

ችግሩ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ለዓመታት ለሕዝብ የቆመው ቅጂው ነው። ዋናው ካዝና ውስጥ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «አጥንቱ እንዳይጎዳ» ይባላል። መልካም፤ ሳይንስ ነው፣ እንቀበላለን። ታዲያ በነሐሴ 1999 ዓ.ም. ዋናው አጥንት ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ፣ ሂውስተን ላይ ለትዕይንት ሲቀርብ አይጎዳም ነበር እንዴ? ወጥቶ የተመለሰው እኮ በ2005 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ሲመጡ ዋናው አጥንት ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዶ ታያቸው። ማየት ብቻ አይደለም፣ በእጃቸው ነኩት! በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ድንቅነሽ፣ ሰላም የምትባለውን ሕፃን አስከትላ ፕራግ ገባች። የቼክ ሕፃናት ከእናት ከአባታቸው ጋር ተሰልፈው፣ ትኬት ቆርጠው፣ ዋናውን አጥንት አዩ።

ለቼክ ሕፃናት ደስ ይበላቸው፤ ምቀኝነት የለብኝም። ግን ለኮተቤ ልጅ፣ ለመርካቶ ልጅ፣ ይልቁንም አጥንቱ ለተገኘበት ለአፋር ልጅ ዋናው የታየበት ቀን በጣት ቢቆጠር ጣት ይተርፋል። ፕሬዚዳንት ሲነካ ጭብጨባ፣ ልጅ ጣቷን ወደ መስተዋቱ ስታስጠጋ «አትንኪ!» ይኼ ነው እንግዲህ የቅርስ ጥበቃችን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኛ ደግሞ ወርቁን ለሰው አውሰን መዳቡን ለልጆቻችን አስቀርተናል።

ስለ ሰላም ትንሽ ልጨምር፤ ምክንያቱም ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከድንቅነሽ ይልቅ የምትበልጠው እሷ ናት። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ዲኪካ በተባለ ቦታ፣ ከሐዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን አገኛት። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ናት፤ ስትሞት ግን የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረች። ከተጣበቀችበት የአሸዋ ድንጋይ ለማላቀቅ ሳይንቲስቱ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እየፋቀ ዓመታት ፈጅቷል። ለዓለም የተነገረው በመስከረም 1999 ዓ.ም. ነው። የወተት ጥርሶቿ በቦታቸው ነበሩ፤ ከሥር ገና ያልበቀሉት ቋሚ ጥርሶች በራጅ ታዩ።

የስድስት ዓመት ልጄን ወስጄ ይኼን ስነግራት የፊት ጥርሷ ሊወልቅ ይነቃነቅ ነበር፤ ጣራ ላይ የምትወረውርበትን ቀን ትቆጥራለች። አፏን ከፍታ ቆየችና «የሷ አልወለቀም ማለት ነው?» አለችኝ። «አልደረሰችበትም» አልኳት። ከዚያ «እናቷስ የት ናት?» አለች። እናቷ አልተገኘችም። «ማን ቀበራት ታዲያ?» ቀባሪ አልነበራትም፤ ሳይንቲስቶቹ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ቶሎ ሸፍኗት ይሆናል ነው የሚሉት። ልጅቷ ዝም አለች። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሰው እየሰማ «አባባ፣ ጎርፉ ባይሸፍናት እኮ አናውቃትም ነበር» አለች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። ይኼን የትኛው የመማሪያ መጽሐፍ ያስተምራል? የትኛው በሰዓት የሚያስከፍል የፕላስቲክ መንሸራተቻ ያመጣዋል?

እንግዲህ ቅጂው ይኼን ካደረገ ዋናው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

የበሩ ላይ ትምህርት

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ሲከፈት እኔም ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ። ከአፄ ምኒልክ ጊዜ ጀምሮ ተራ ሰው በአጥር ውጪ የሚያልፈው ግቢ ነው። ዙፋን ቤቱን፣ ግብር ቤቱን፣ እንስሳቱን ሕዝብ ይይ መባሉ ጥሩ ነው። ማንም ጤነኛ ሰው ይኼን አይቃወምም።

ግን ሲከፈት መግቢያው ስንት ነበር? ለመደበኛ ጎብኚ 200 ብር፣ ለልዩ እንግዳ ደግሞ 1,000 ብር! በዚያው ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,100 ብር ነበር። እስቲ እናስላው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወለል የምትወለውል እናት ከባሏ ጋር ለመግባት ልጆቿን ሳንቆጥር 400 ብር ያስፈልጋታል፤ ከወር ደመወዟ ሲሶው በላይ መሆኑ ነው። የታክሲውን፣ የውኃውን፣ ልጅ የሚያለቅስበትን ብስኩት አልጨመርኩም። «ልዩ እንግዳ» ልሁን ብትል ደግሞ የወር ደመወዟን በር ላይ አስረክባ 100 ብር ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ወዲህ ደመወዙ ተጨምሯል አትበሉኝ። የጤፉም፣ የዘይቱም፣ የቤት ኪራዩም ዋጋ አብሮ ሄዷል።

ይኼ የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም ወገኖቼ። ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ሁለት ሰልፍ ሲያይ የሚማረው አንደኛው ትምህርት ምንድነው? «ልዩ» የሚባል ሰው አለ፣ «መደበኛ» የሚባል ሰው አለ፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚቀር ሦስተኛ ደግሞ አለ። የነገሥታቱን ዙፋን ከማየቱ በፊት የራሱን ቦታ አየ ማለት ነው። ብልፅግና ፓርቲ ስለ አንድነት መናገር ይወዳል። በሩ ግን ቤተሰብን በኪሱ ልክ ከከፋፈለ «አንድነት» የሚለው ስም ለማን ነው የተጻፈው?

በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ፣ በ2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም፣ በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍተዋል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ፤ የሚመሰገነውን ማመስገን ያባት ነው፣ ልጅ መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥበት ቦታ መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው። ኮሪደር ያሉት የእግረኛ መንገድም ቢሆን፣ የልጅ እጅ ይዞ በመኪና ሳይገፉ መሄድ አስችሏል። ይኼን የማይቀበል ተቃዋሚ ተቃዋሚ ሳይሆን ግትር ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ ሲታቀዱ ጠረጴዛው ዙሪያ «የስድስት ዓመት ልጅ እዚህ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ማን ያስረዳዋል? እናቱ መክፈል ትችላለች ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበረ ወይ? መልሱ ከሥራው ይታያል። ሪባን ሲቆረጥ ካሜራው ያነሳው እንግዳውን ነው።

«ፈቃድ አላችሁ?»

ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የማልጠራው አንድን መሥሪያ ቤት ለመክሰስ ስላልተነሳሁ ነው፤ ሌላውም ዘንድ ያው ነውና።

ትኬት ቆርጠን ገባን። ልጄ አንድ ያረጀ ጋሻ ፊት ቆመች። ወደደችው። ሌላውን ሁሉ ትታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ከቦርሳዋ ደብተርና እርሳስ አውጥታ መሳል ጀመረች። ልብ በሉ፤ አልነካችም፣ አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። አንድ ጠና ያሉ ጥበቃ መጡ።

«ተነሺ የኔ ልጅ፣ እዚህ አይቀመጡም።»

ተነሳች። ቆማ መሳሏን ቀጠለች።

«መሳልም አይቻልም።»

«ለምን አባባ?» አልኳቸው።

«ፈቃድ አላችሁ?»

«የምን ፈቃድ?»

«ለመቅረጽ፣ ለመሳል፣ ለጥናት ከሆነ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዛችሁ ነው የምትመጡት።»

«እሷ እኮ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ታምጣ?» ስላቸው ሰውዬው ራሳቸው ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ ግን ፊታቸውን መልሰው «እኔ የታዘዝኩትን ነው፤ አለቃ ካየ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አሉኝ። ልጄ ደብተሯን አጠፈች። የጋሻው ግማሽ እስከ ዛሬ ደብተሯ ላይ አለ።

በሰውዬው አልፈርድም። እሳቸው ልጅ ጠሉ አይደሉም፤ የኋላ ኋላ ኪሳቸው ገብተው ከረሜላ ሰጥተዋታል። ያዘዛቸው አሠራር ነው የሚጠየቀው። ይኼ አሠራር ሕዝብን የሚያየው እንደ ሌባ ወይም እንደ ሰላይ ነው። ልጅ እርሳስ ሲያወጣ ደብዳቤ የሚጠይቅ አገር ትልቅ ሰው ብዕር ሲያወጣ ምን እንደሚጠይቅ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው!

መግለጫ ጽሑፉንም አይታችሁ ከሆነ የት እንደሚሰቀል ታውቃላችሁ። በረጅም ሰው ዓይን ልክ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ብዙ ጊዜም እንግሊዝኛው ረዝሞ አማርኛው አጥሮ ነው። ፊደል ቆጥሮ የመጣ ልጅ አንገቱን አንጋጦ «ጋ… ሻ…» ብሎ የሚያነብበት አንድ ትልቅ ቃል በቁመቱ ልክ ቢለጠፍ ምን ይጎድላል? ያቺን ቃል ራሱ አንብቦ ያገኛት ልጅ ዕቃው የሱ ሆነ ማለት እኮ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

«ይኼ ቅንጦት ነው፣ ሕዝብ ዳቦ አጥቶ አንተ ሙዚየም ትላለህ» የሚል አይጠፋም። ዳቦውን ማን እንዳጠፋው ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ሕጉን ግን እንይ። የመንግሥታቱ ድርጅት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ልጅ የማረፍ፣ የመጫወት፣ በባህልና በኪነ ጥበብ ሕይወት የመሳተፍ መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ ይኼን የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው! የሚሸሽ መንግሥት የፈረመውን የገባው መንግሥት አልካደም፤ ከሱ ቀጥሎ የመጣውም አልካደም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት አለበት ብሎ ጽፏል። እንክብካቤ ማለት ካዝና ውስጥ መቆለፍ ብቻ ነው ወይ? ወራሽ የማያውቀው ቅርስ ቅርስ መሆኑ ይቀርና ዕቃ ይሆናል።

በሲኒ ቡና ዋጋ

ይኼን ሁሉ ብዬ ወላጁን «ተቀመጥና መንግሥት እስኪያስብልህ ጠብቅ» አልለውም። የሚጠብቀው ልጅ ያድጋል። እንኳን መንግሥት ጎረቤትም ቢሆን ለልጅህ እንዳንተ አያስብም። ስለዚህ እኔ ያየሁትን መንገድ ልጠቁም። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር! የሚያስከፍለው ካለ ከሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም፤ አብዛኛው ደግሞ ከውጭ በነፃ የሚታይ ነው።

አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ ጋ ጀምሩ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ቀን መታሰቢያ ነው። ለልጅ «ቤታችንን ሌባ ወስዶት ነበር፤ በዚህ ቀን አስመለስነው» ማለት ይበቃል። ከዚያ ወደ ላይ ስትወጡ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። አደራችሁን፣ ሁሉን እናያለን አትበሉ። ሦስት ነገር ብቻ ይመረጥ፤ መራጩም ልጁ ይሁን። ድንቅነሽን አይቶ፣ አንድ ዘውድ አይቶ፣ አንድ ሥዕል አይቶ ከወጣ ይበቃዋል። ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ ልጅ የሚያስታውሰው ድካሙን ነው። ዳቦና ውኃ ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን ቶሎ አትናገሩ! «ይኼ ለምን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁትና ዝም በሉ። የኛ አገር አባት ትልቁ በሽታ ልጅ ሳይጠይቅ መመለስ ነው።

ስድስት ኪሎ አደባባይ ስትደርሱ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይጨነቃል፤ ለሕፃን ስለ ጭፍጨፋ ይነገራል ወይ? በኔ አስተያየት ይነገራል፣ በልኩ። «እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ተገድሏል፤ ቀኑን እንዳንረሳው ይኼን ድንጋይ አቆምንላቸው» ማለት ለስድስት ዓመት ልጅ ይበቃዋል። ቀሪውን በአሥራ ሁለት ዓመቱ ይሰማዋል። መስቀል አደባባይ ያለው፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም እንዲሁ ነው። የወጣቶቹ ፎቶና አጥንት ያለበት ቤት ነው፤ ለሕፃን አይሆንም። ለጎረምሳ ልጃችሁ ግን ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው ታስረው የተገረፉ ሰዎች ነበሩበት። ልጅ ታሪክን ካለፈበት ሰው አፍ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ፊቱ ላይ ታያላችሁ።

ከአደባባዩ ፊት ለፊት ዩኒቨርሲቲው ነው። መታወቂያ ያዙ፣ ተፈትሻችሁ ትገባላችሁ። ይኼ ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ የሰበሰበው፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡ ግርግር ባለ ሥልጣናቱ የተገደሉትም እዚሁ ነው። ንጉሡ በ1954 ዓ.ም. ግቢውን ለተማሪ ሰጡት። ቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ሕንፃው ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሥልጣን ዓመቱ አንድ ደረጃ። እየጨመርን እንቀጥላለን ብለው ነበር። የኛ ሰዎች አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት! ልጃችሁን ደረጃውን ቁጠር በሉት። ቆጥሮ ሲጨርስ «ለምን እዚህ ላይ አለቀ?» ብላችሁ ጠይቁት። መደመርን፣ ታሪክንና ትዕቢት መጨረሻው ምን እንደሆነ ባንድ ጊዜ ይማራል። የዛሬ ባለ ሥልጣኖቻችንም ልጆቻቸውን ይዘው ሄደው ቢቆጥሩት አይጎዳቸውም።

ውስጥ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደት፣ ከልጅነት፣ እስከ ሞት። ልጅ ሌላ ብሔረሰብ ያለ ልጅ በምን እንደሚጫወት የሚያይበት ቤት ነው። ዘር ከዘር በሚያባሉን ዘመን አንድ የአዲስ አበባ ልጅ የሩቅ ገጠር ልጅ መጫወቻ አይቶ «እኔም ይኼን እፈልጋለሁ» ቢል፣ እኔ ከመቶ የሰላም ኮንፈረንስ ይልቅ እሷን ቃል አምናለሁ።

የፈረሰ ሰፈር አይጎበኝም

አንድ ነገር ይቀረኛል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በትልቅ ድግስ ተመረቀ። ጥሩ። ሳምንታት ሳይቆዩ ዙሪያው ያለው ፒያሳ በግሬደር ተናደ። ዶሮ ማነቂያን ያያችሁ ታውቃላችሁ። ታሪክን በአንድ በር አስገብተን በሌላው በር አስወጣን።

የጭቃ ቤት ይኑር፣ አሥር አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ይኑር አላልኩም። እዚያ የኖረ ሰው ኑሮው ሲሻሻል ማየት ማን ይጠላል? ግን አባት ለልጁ ሊያሳይ የሚችለው ከሁሉ የሚበልጥ ሙዚየም ያደገበት ሰፈር ነው። «እዚህ ኳስ እንጫወት ነበር፤ እዚህ ጋ አያትህ ሱቅ ነበረው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ወድቄ ይኼ ጠባሳ ቀረ።» ይኼን ትኬት አይገዛውም። ዛሬ የዚያ ሰፈር ልጅ የነበረ አባት ልጁን ይዞ ቢሄድ የሚያሳየው የተከረከመ ሣርና የመብራት ምሰሶ ነው። ቢያንስ የሰፈሩ ስምና የቀድሞ ፎቶው የተቀረጸበት ሰሌዳ በየማዕዘኑ ይቁም። ድንጋይ አላጣንም፤ ለሪባን ቆራጩ ስም የሚሆን እብነ በረድ ሁሌም ይገኛል።

ምን ይደረግ?

ከጠየቁን አይቀር ይኸው።

አንደኛ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ለልጅና ይዞት ለመጣ አንድ ወላጅ ወይም አሳዳጊ መግቢያው ሁሉ ነፃ ይሁን። ግቢው የተሠራው በሕዝብ ስም ነው፤ ሕዝብ ማለት ይኼ ነው።

ሁለተኛ፣ ድንቅነሽና ሰላም ሌላ አገር ከመሄዳቸው በፊት አፋር ይሂዱ፣ አዲስ አበባ ይታዩ። ኅዳር በመጣ ቁጥር ለጥቂት ቀን ዋናው አጥንት ለተማሪዎች ይውጣ። አውሮፕላን የቻለ አጥንት ከካዝና እስከ አዳራሽ አያቅተውም።

ሦስተኛ፣ መግለጫዎቹ በአገሩ ቋንቋዎች፣ በትልቅ ፊደል፣ በልጅ ቁመት ይሰቀሉ።

አራተኛ፣ ልጅ መሳል ይፈቀድለት! ይኼ በጀት አይጠይቅም። እንዲያውም በር ላይ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይሰጠው።

አምስተኛ፣ ሥራ ፈተው የተቀመጡ በታሪክና በአርኪዎሎጂ የተመረቁ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ለልጆች አስጎብኚ ይሁኑ። ሁለት ቁስል ባንድ መድኃኒት ማለት ይኼ ነው።

ይኼን ሁሉ የምንለው ለመዝናናት አይደለም። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። በየበረሃው፣ በየባሕሩ የሚያልቁት ወጣቶች የሄዱት ሥራ አጥተው ነው፤ እሱ የታወቀ ነው። ግን ከሥራ ማጣቱ በተጨማሪ ስንቱ ወጣት ነው «ይኼ የኔ ነው» የሚለው አንድ ጥግ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ዕቃ እንኳ በአገሩ ውስጥ የነበረው? በልጅነቱ «አትንካ፣ አትቀመጥ፣ ፈቃድ አለህ?» ሲባል ያደገ ሰው ሲጎለምስ «አገርህ ነው፣ ውደደው፣ ሙትለት» ቢባል ጆሮው ውስጥ ምን ይገባል?

እንግዳ ማክበር ወጋችን ነው፤ አንተወውም። ግን እንግዳ ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል። ልጅ ይቀራል። በሩን መጀመሪያ ለሚቀረው ክፈቱለት!